ሟቾች የደገፉት የፀሐይ ማሳ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኮች ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ድምፁ የባል ነው፣ የልጅ ነው፣ የጎረቤት ነው፤ ሰውየው ራሱ ግን ገና አልነቃ ይሆናል። ሰላም የሚለው ወኪሉ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ በባለቤቱ ድምፅና ስም የሚናገር ማሽን። ወኪል የልደት ቀን ያስታውሳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ያላነበበውን ጽሑፍ ይደግፋል፤ ባለቤቱ ባልሰማው ወሬ ይናደዳል። አንዳንዱ ባለቤቱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ከሥራው አንድ ቀን አልቀረም። በዚህ የሚደነግጥ ሰው አሁን የለም፤ ካለም እኔን አላጋጠመኝም።

ያፌት እባላለሁ፤ ሥራዬ ድምፅ ማረጋገጥ ነው። ዘመኑ 2069 ዓ.ም. ነው። አገሩ በሙሉ በወኪል ሲደግፍና በወኪል ሲሰዳደብ ስለሚውል፣ ሕግ አውጪዎቹ ለሰው አፍ የተዉት ነገር ጥቂት ነው። አንድ ከተማ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣበትን መንገድ መለወጥ ከፈለገ፣ ከቤቶቹ ሁለት ሦስተኛው በገዛ አንደበታቸው «እንደግፋለን» ማለት አለባቸው። ከአንድ ቤት አንድ ድምፅ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም ቤቱ በተመዘገበበት ሰው ስም ነው። ከተሰበሰበው ውስጥ ከመቶ አንድ በላይ ሐሰት ከተገኘ ሁሉም ይሰረዛል፤ ሰብሳቢውም ለዐሥር ዓመት በመስመር ላይ አንድ ቃል እንዳይጽፍ ይታገዳል። ሐሰቱን የምፈልገው እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሰው ማመን ካቆምኩ ደግሞ ዐሥር ዓመቴ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከተማዋ ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ የመስኮቱ ነገር ነው። አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ተመጋቢው ሁሉ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ተነስቶ በየአጠገቡ ያለውን መስኮት ዘጋ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ተነስቶ ከፈተ። ምን ሆናችሁ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ ጥያቄዬ አልገባትም። ቦርከና ወንዝ ዳር የተተከለው የ«ፍም ኃይል» ማመንጫ በቀን ሦስት ጊዜ የታመቀ ጭሱን እንደሚለቅ የነገረኝ ከጎኔ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ልብስም የሚሰጣው ነፋሱ ወደ ሀረጎ ተራራ ሲዞር ብቻ ነው። ሰዓቱን ስልክ ያስታውቃል፤ ሲያስታውቅ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ባልዲውን ይዞ ይወጣል፣ ሲያበቃም እርጥቡንም ደረቁንም ሰብስቦ ይገባል። የሚያማርር ሰው አልሰማሁም። እንዲህ ሆነው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል።

የማመንጫው ፈቃድ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ አርባ ሺህ ቤቶች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጠፍ መሬት ላይ የፀሐይ ማሳ እንዲዘረጋ ከደገፉ ማመንጫው ይዘጋል። ካልሞላ ፈቃዱ ለሃያ አምስት ዓመት በራሱ ይታደሳል። ድጋፉን የሰበሰቡት ሴት ኢክራም ይማም ይባላሉ፤ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የት ይሆናሉ ተብለው ሲጠየቁ «መስኮት ከሌለበት ቤት» ብለው መመለሳቸውን ያ ሽማግሌ እየሳቀ ነገረኝ።

ስለ እትዬ ኢክራም ገና አዲስ አበባ ሳለሁ አንብቤ ነበር፤ አንብቤም አላመንኩም። በወጣትነታቸው ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ቆጣሪ ራሱን ማንበብ ሲጀምር ሥራው ቀረ፤ የከተማውን በር ሁሉ ማወቃቸው ግን አልቀረም። ከስድስት ዓመት በፊት «ዛሬ በማን ቤት» የሚል ገጽ ከፈቱ። በቀን አንድ ቤት፣ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ያለ ሙዚቃ። የመጀመሪያው ቀን ያሳዩት የራሳቸውን የልብስ ገመድ ነው፤ ነጭ ነጠላ ተሰጥቶ ሲነሳ ምን እንደሚመስል። በሁለተኛው ቀን አንዲት አራስ ልጇን በእርጥብ ጨርቅ ከልላ ስታጠባ አሳዩ። «ፀሐይ ይሻለናል» የምትል ቃል እንኳ አልጻፉበትም።

ሦስት መቶኛው ቤት የማመንጫው ሠራተኛ ቤት ነበር። ሰውየው ማሳው ከመጣ ከሥራ እባረራለሁ፣ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ ብሎ እትዬ ኢክራምን ራሳቸውን ፊት ለፊት ወቀሳቸው። አንድ ቃል ሳይቆርጡ ለቀቁት። ደጋፊዎቻቸው ተቆጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የማመንጫው ሰፈር ሰዎች ገጹን ማየት ጀመሩ። በማሳው ውል ውስጥ ለማመንጫው ሠራተኞች ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው አንቀጽ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ ኢክራም ወኪል አልነበራቸውም። ለሚጽፍላቸው ሁሉ የሚመልሱት በገዛ ጣታቸው ነው። የሌላው ሰው መልስ ዓይን ሳይርገበገብ ሲደርስ የእሳቸው ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይፈጃል፤ ፊደልም ይሳሳታሉ። ለተሳዳቢ ሳይቀር «የአክስትህ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ብለው ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም አክስቱን ያውቋታል። በዚያ ሁሉ የወኪል ጫጫታ መሃል ኮምቦልቻዎች እትዬ ኢክራም ሰው መሆናቸውን ያወቁት በመዘግየታቸው ነው። በስድስት ዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ቤት አሳዩ፤ አርባ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ድምፅ ሰበሰቡ።

ከመቃብር መዝገብ ጋር ሳስተያየው፣ ከዚህ ውስጥ አምስት መቶ ሠላሳው የሞቱ ሰዎች ድምፅ ነው። ሂሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ከመቶ አንድ ያልፋል።

ቤታቸው የሄድኩት ይህንን ልነግራቸው ነው። በረንዳ ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልስ ይጽፉ ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ወንበር ሳቡልኝ፤ ቀጥሎ ከቤት ውስጥ የወንድ ድምፅ ተሰማ። «ኢክራም፣ እንግዳ አለሽ መሰለኝ። የሚጠጣ ነገር ስጪው እንጂ» ይላል። እሳቸውም እሺ ብለው ገብተው ውሃ አመጡልኝ።

ስም ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። ይቆጣሉ ወይም ይምላሉ ብዬ ነበር፤ በሥራዬ የለመድኩት እሱን ነው። እሳቸው ግን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ስም ላይ ጣታቸው ቆመ። ኢምራን ሰይድ ይላል። ከአራት ዓመት በፊት በሳንባ በሽታ የሞተ ባላቸው ነው፤ አሁን ውሃ ስጪው ያለው ድምፅም የእሱ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያስረዱኝ ሳይሸፋፍኑ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። በወር አንድ እሁድ ቅሬው ሲሰበሰብ ጸሐፊው የየቤቱን ስም ይጠራል። ስሙ የባል ስም ነው። ባል ሲሞትም ስሙ ከመዝገቡ አይነሳም፤ ሚስት ትቀጥላለች፣ «ኢምራን ሰይድ» ተብሎ ሲጠራም «አለን» ትላለች። ስሙ ይውጣልኝ ያለች ሴት በቅሬው ታሪክ የለችም፤ ብትኖር ባሏን ከቤት እንዳወጣች ነው የሚቆጠረው። እትዬ ኢክራም የድጋፍ ጥሪውን የበተኑት በዚሁ በቅሬዎቹ መዝገብ ነው፤ ከዚያ የተሻለ የከተማ ስም ዝርዝር የለምና። ስልኩ ደወለ፣ «የአቶ ኢምራን ሰይድ ቤት ነው? ትደግፋላችሁ?» አለ። ሴቶቹም እንደለመዱት «አለን፤ እንደግፋለን» አሉ። የሰሚው መሣሪያ ሕያው ትንፋሽ መሆኑን አረጋገጠ፤ የማን ትንፋሽ እንደሆነ አልጠየቀም።

«እኔም አለን ነው ያልኩት» አሉኝ። «ሐሰት መሆኑ ትዝም አላለኝ።»

ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰበብ ስሰማ ኖሬአለሁና እውነት ሲነገረኝ ትንሽ ግራ ገባኝ። ሕጉ ላይ ማንም የማይጠቀምበት አንድ አንቀጽ አለ፤ እሱን ነገርኳቸው። ስህተቱ ያለ ተንኮል የተፈጸመ ከሆነ የቤቱ ሕያው ሰው ቀኑ ሳያልፍ ራሱ መጥቶ ድምፁን በገዛ ስሙ ማደስ ይችላል። ለዚህ ግን ቤቱ በስሙ መዞር አለበት። ቤቱ እንዲዞር የሟቹ ሞት ይመዘገባል። ሞት ሲመዘገብ ወኪሉ ይዘጋል፤ የተዘጋ ወኪል ደግሞ አይከፈትም። ከአምስት መቶ ሠላሳዎቹ ሦስት መቶ ዐሥራ አራቱ ከታረሙ አርባ ሺሁ ይሞላል፣ ሐሰቱም ከመቶ አንድ በታች ይሆናል። ያለው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። ይህን ስናገር ከቤት ውስጥ ሬዲዮ ተከፈተ። ጋሽ ኢምራን ዜና የሚሰሙበት ሰዓት ነበር።

እትዬ ኢክራም ያን ዕለት ከሰዓት በገጻቸው ላይ ጥሪ አስተላለፉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ለምነው የማያውቁት ሴት ለመኑ። ስለ ልጆች ሳንባ ተናገሩ፣ ስለ ሃያ አምስት ዓመት ተናገሩ፣ እህቶቼ እባካችሁ የባሎቻችሁን ሞት አስመዝግቡ አሉ። ጥሩ ንግግር ነበር። እስከ ረቡዕ ጠዋት የተመዘገቡት ሴቶች አርባ አንድ ናቸው።

ከጥሪው ሥር ብዙ ሰው የጻፈውን አንብቤአለሁ፤ ያስቆመኝ ግን አንድ መስመር ነው። የጻፉት እትዬ ሶልያና የሚባሉ የእትዬ ኢክራም ቅሬ አባል ናቸው። ባላቸው ጋሽ ባሮክ ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ስማቸው ከእኔ ዝርዝር ውስጥ አለ። «አንቺስ? ዛሬ ጠዋት ኢምራን ሰላም ብሎኛል» ይላል ጽሑፋቸው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እትዬ ኢክራም ምንም አልጻፉም። በስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ቤት ያለፈው ቀን እሱ ብቻ ነው። የ«ፍም ኃይል» ወኪሎች ሴትዮዋ ሸሽታለች ብለው በየቦታው አወሩ፤ እኔም ልቤ ወደዚያው አደላ። ሰው ሌላውን የሚጠይቀውን ራሱ ሲሸሽ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም። ማታ ላይ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቅሬው ቤት እንድመጣ ሰው ላኩብኝ። ስደርስ ከቅሬው ዳኛ ከሐጂ ሙአዝ ጋር ቆመው ይከራከራሉ። እትዬ ኢክራም የሚጠይቁት የቅሬው ድንኳን ለኢምራን እንዲተከል ነው፤ ሦስት ቀን ለቅሶ እንዲቀመጥ። ሐጂ ሙአዝ ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ቅሬ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንደማይወጣ፣ ከአራት ዓመት በፊት እሳቸው ራሳቸው ቃሬዛ ተሸክመው እንደቀበሩት በቀስታ አስረዱ።

እትዬ ኢክራም ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ «ባለፈው እሁድ ስሙን ጠርተኸዋል። እኔም አለን ብያለሁ። በየወሩ እየጠራኸው እንዴት ቀብሬዋለሁ ትለኛለህ? አካሉን ነው የቀበርክልኝ። ሌላውን ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ቅበሪው ነው የምትሉኝ፤ ሴቶቹንም ቅበሩ ብዬ ያዘዝኳቸው እንዲሁ ብቻቸውን ነው። ማን እሺ ይላል?»

ሐጂ ሙአዝ መዝገቡን አነሱ፤ አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ብቻ ወጡና ድንኳኑ እንዲተከል አዘዙ።

ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ቆመ፤ የቅሬው አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በሌላ በኩል ተቀመጠ። እኔን ከመግቢያው አጠገብ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እትዬ ኢክራም ጥቁር ነጠላ አድርገው ከፊት ተቀመጡና ስልካቸውን ሰው ሁሉ እንዲያያቸው አድርገው ከምሰሶው ጋር አሰሩት። የዕለቱ «ዛሬ በማን ቤት» ያ ነበር። ምን እንደሚሉ አስቀድሜ አላውቅም ነበር፤ የሚያውቅም የለም። የተናገሩትን ከመዝገቤ ነው የምገለብጠው።

«ኢምራን ሰይድ ባሌ ነበር። ማመንጫው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ቤታችን የቆመው በዚያ ነው። የፀሐይ ማሳውን አንድ ቀን ደግፎ አያውቅም። ስንከራከር ኖረን ስንከራከር ነው የሞተው። ከሞተ በኋላ ስልኩ ውስጥ የቀረው ግን ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል፤ ገጼን በየቀኑ ያሞግሳል። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። እሱ ግን ኢምራን አይደለም። ኢምራን እሺ አይለኝም ነበር። የሞተን ሰው የማያምንበትን ማስባል ነውር ነው፤ እኔ አራት ዓመት አስብዬዋለሁ። ከቤታችን የሚደግፈው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።»

ከዚያ የኢምራንን ስልክ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሕጉ የሚያዘውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ ይህ ቤት የማን ነው?

«የኢክራም ይማም» አሉ።

መዝጋቱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ። ሐጂ ሙአዝ «አላህ ይዘንለት» አሉ፤ የቅሬው ጸሐፊ የኢምራንን ስም ሰርዞ የእሳቸውን ጻፈ። እሳቸው ተመልሰው ከሴቶቹ መሃል ተቀመጡ፤ ሴቶቹም እንደ ትናንት ሐዘንተኛ ዙሪያቸውን ከበቧቸው። ልክ በዚያ ሰዓት ጭሱ ተለቀቀ፤ ሁላችንም ተነስተን የድንኳኑን መጋረጃ አወረድን። እኔም ሳላስበው አብሬ ተነስቼ ነበር።

የ«ፍም ኃይል» ወኪሎች ያችን ንግግር በአየር ላይ ቀለቧት። የሰብሳቢዋ ባል ራሱ ተቃዋሚ ነበር፤ አራት ዓመት በሬሳ ስታስደግፍ ኖራለች እያሉ በየስልኩ በተኗት። ወኪል አይደክመውም፤ እስከ ቀትር ድረስ ኮምቦልቻ ውስጥ ንግግሯ ያልደረሰበት ቤት አልነበረም። ሊያዋርዷቸው ብለው እትዬ ኢክራም በስድስት ዓመት ያልደረሱበት ቤት ሁሉ አደረሱላቸው። የሰማው ሰው ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት በሰው ሁሉ ፊት ራሷን የሚጎዳ እውነት ስትናገር ሰማ፤ በመስመር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ኋላ ላይ ተሰልፈው። የሌሎች ቅሬዎች ዳኞችም መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ፤ በየሰፈሩ ድንኳን ለመትከል ጊዜ ስላልነበረ ሁሉም በአንዱ ድንኳን ይለቀስ ተባለ። እያንዳንዷ ስለ ባሏ ትንሽ ትናገራለች፤ ሰው ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለች። አንዷ ባሏ ቁማርተኛ እንደነበረ፣ ወኪሉ ግን አንድ ቀን አበሳጭቷት እንደማያውቅ ተናገረች። ሌላዋ ባሏ ማሳውን እንደሚደግፍ፣ ቢኖር ከሁሉም ቀድሞ እዚህ እንደሚገኝ ነገረችን። ወንዶችም ነበሩበት፤ ቤቱ በሟች እናታቸው ስም የቀረ ሁለት ወንድማማቾች አብረው መጥተው አብረው አለቀሱ። መጥተው ተቀምጠው ሳይዘጉ የተመለሱም ነበሩ። እትዬ ኢክራም አንዷንም አልጎተጎቱም፤ በር ድረስ እየሸኙ ስለመጣሽ ይስጥልኝ ይሏታል። ሥራዬን ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ አሰባሰብ አላየሁም። ልናገረው አላፍርም፤ ወደድኳቸው።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ሶልያና መጡ። ወፍራም፣ ኮስተር ያሉ ሴትዮ ናቸው። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውታል። ቀጥታ ሄደው ከእትዬ ኢክራም አጠገብ ተቀመጡ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሏቸው። «ኢምራንን ልቀብር ነው የመጣሁት። ለባሮክ የመጀመሪያውን አፈር ያለበሰው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ኢክራም።

አንድ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምን እንደተጫወቱ አልሰማሁም፤ አንድ ጊዜ ሲስቁ አይቻለሁ። ከዚያ እትዬ ሶልያና ተነስተው ወደ እኔ መጡና ጥያቄውን ሳልጨርሰው መለሱልኝ። ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት ጋሽ ባሮክ መድኃኒትሽን ውጠሻል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም ሰማን። እትዬ ሶልያና ውጫለሁ አሉት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ዘጋሁ። የታረሙት ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ቤቶች ናቸው። ያልታረሙትን ቀንሼ አርባ ሺህ ዐሥራ ሰባት አወጣሁ። ሕጉ ውጤቱን ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዘኛል፤ ተነስቼ አነበብኩት። ማሳው ይዘረጋል፤ ማመንጫው ይዘጋል፤ ኢክራም ይማም በመስመር ላይ የመናገር መብታቸው እንደተጠበቀ ነው።

እልል ያለ ሰው የለም። ያጨበጨበም የለም። ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት እልል አይባልም። ስድስት ዓመት የተለፋበት ነገር ተፈጽሞ ሦስት መቶ የሚያህል ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ነክሶ፣ አንዷ ወጣት ሴት ደስታዋን መቻል አቅቷት አፏን በነጠላዋ አፍና። ገጹን ከፍቼ አየሁ። ሃያ ሺህ የሚሆን ሰው እየተከታተለ ነበር፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አላገኘሁም። «ለጋሽ ባሮክ ነፍስ ይማር» ይላል አንዱ። «ለአቶ ኢምራን አላህ ይዘንላቸው» ይላል ቀጣዩ። እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ የሦስት መቶ ሠላሳ አንዱ ሰዎች ስም በየተራ ተጽፏል። ጽሑፎቹ እየዘገዩ፣ ፊደል እየተሳሳቱ ነው የሚመጡት። ወኪሎች አይደሉም።

ወረቀቴን ሰብስቤ ልሰናበታቸው ወደ እትዬ ኢክራም ሄድኩ። ምን እንደምል አስቤ አልነበረም፤ ውጤቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ደስ ይበልዎት ማለት ነበረብኝ። አጎንብሼ «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው። እጄን ያዙኝና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን ቢሰማ ኢምራን ሳምንት አያናግረኝም ነበር» አሉኝ።

ከዚያ አለቀሱ። ከሞተ ጀምሮ አልቅሰው እንደማያውቁ በኋላ እትዬ ሶልያና ነገሩኝ።